በከንፈር የሚነሳ ቀለም

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6። ዋይት ሴንተር፣ እነ እትዬ ቤት። ከትናንት ያላባራ ዝናብ። የነበርነው፦ እኔ፣ እትዬ ዘነበች፣ ልጃቸው ዳዊት።

እንደ ሐሙስ ልማዴ የእትዬን ፀጉር አጥቤ ጨረስኩ። ፎጣውን ላሰጣ ሳሎን ስገባ ሥዕሏን አየሁ። የሣራን፣ ደብተሬ። ልጃቸው ባረፈች ማግስት ከስልክ ፎቶ እያየሁ በውኃ ቀለም የሠራሁላቸውን። ግራ ጉንጯ የለም። ቅንድቧ ወደ ጆሮዋ ፈስሷል። የፍሬሙ መስታወትስ? ወልቋል።

ለካ ራሳቸው ናቸው ያስወለቁት። ይቀዘቅዘኛል አሉ። ጠዋት ጠዋት ጸሎት ሲጨርሱ እንደ ሥዕለ አድኅኖ ይስሟታል፤ ጉንጯን፣ ግንባሯን። አሁን ግን እየሄደችብኝ ነው አሉኝ። ምን አስቀይሜያት ይሆን ብለው ጠየቁኝ። እኔን!

ፎጣውን አሰጣሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ።

ዳዊት እስከ በር ሸኘኝ። "አስኩዬ፣ ፊክስ አድርጊያት እንጂ። ሙት ዓመቷ በወሩ መጨረሻ ነው፣ ዘመድ ሁሉ ይመጣል።" እሺ አልኩ። ምኑን ነው እሺ ያልኩት?

ዓርብ፣ ኖቬ. 7። አውቶቡስ ላይ፣ ከሥራ መልስ።

ሥዕል የተማርኩት ከማጸዳው ኮሌጅ ነው፤ ተማሪ ከሚጥለው የቀለም ቱቦ። በላዩ ያለውን ጽሑፍ እየፈታሁ። ብርሃን የሚችለውን ከማይችለው፣ ባንድ የቀለም ዱቄት የተሠራውን ከድብልቁ መለየት ያወቅኩት እንደዚያ ነው። ለሣራ ግን የተጣለ አልነካሁም። ገዛሁ። ፀሐይ የማያነጣውን፣ አንደኛ የተባለውን። ከፀሐይ ነበር የጠበቅኳት፣ ደብተሬ። የውኃ ቀለም ከደረቀ በኋላም እርጥብ ሲነካው ይነሳል። ይህን አውቃለሁ። ሙጫ ነው የያዘው። እናት ትስመዋለች ብዬ ግን አላሰብኩም። እንዴት አላሰብኩም? እኔም እኮ ያደግኩት ሥዕል ስስም ነው።

ልጠግናት? ወረቀቱ ተልጧል። አዲስ ቀለም ቢነካው ይጠጣውና እድፍ ይሆናል። ነገም ደግሞ ይስሟታል።

ልንገራቸው? ልጅዎን የሚያጠፋት የእርስዎ ከንፈር ነው ልበላቸው? አፌ አይለውም።

ቅዳሜ፣ ኖቬ. 8። አሁንም ዝናብ።

ቀለም መሸጫው። ከመደርደሪያው ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ቆምኩ። የዘይት ቀለም ነው መፍትሔው። የተልባ ዘይት ነው፣ አንዴ ከደረቀ በውኃ አይነሳም። ግን ደማቁ ቀይ ላይ ማስጠንቀቂያ አለበት። ቢጫውም ላይ። አንዱ ነጭ እርሳስ አለው፣ መርዝ ነው። መለስኩት። የሚነካው የእትዬ አፍ ነው።

ሻጩ ፂማም ሽማግሌ ነው። በተሰበረ እንግሊዝኛዬ፣ ደርቆ ቢሳምስ? አልኩት። ሳቀ። ቀለም ለመሳም የገዛ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም አለ። ለማን እንደሆነ ስነግረው ሳቁን ዋጠ። ዋስ አልሆንልሽም፣ ግን ከአፈር የሚሠሩትን ውሰጂ አለኝ። ቢጫው ኦከር፣ ቀይ ዳማው የተቃጠለ ሲዬና፣ ቡናማው አምበር፤ እርሳስ የሌለው ነጭ። አምበር ቶሎ ይደርቃል። የተማሪ የሚባለው ርካሹ በመሙያ የተወጠረ ነው፣ ተውኩት። አራት ትንንሽ ቱቦ፣ የደህናው። የእኛ ፊት እንደሆነ ከአፈር ይወጣል። ደማቅ ቀይ ምን ያደርግለታል?

ተስፋ አደረግሁ መሰለኝ። ዛሬ ብቻ።

ረቡዕ፣ ኖቬ. 12።

ዕረፍቴ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሣራን ከስልኩ ፎቶ እንደ አዲስ በዘይት ቀለም ሠራሁ። ቀለሙን አሳሳሁት፣ እንዲደርቅልኝ። እጄ አንዴም አልሳተም። ጉንጯ መጣ። ዓይኗ መጣ። ፈራኋት።

እሑድ፣ ኖቬ. 23። ከቤ/ክ መልስ። ደመና።

ደረቀች። በእርጥብ ጨርቅ ሞከርኩ። በራሴ ከንፈር ሞከርኩ። ምንም አልለቀቀም። በነጠላ ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው።

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩ። "እግዜር ያክብርሽ። እንዴት ታምራለች! የማን ልጅ ናት?"

ዳዊት ደነገጠ። "እማዬ፣ ሣራ እኮ ናት!"

"ሣራማ ያቻትና።" ወደዚያች ጠቆሙ። ፊት የላትም፣ ደብተሬ። የቀረው ቀኝ ጉንጯ ነው፣ እሱም ሳስቷል።

አዲሷን ኮሪደር ላይ ሰቀሏት፣ ካፖርት ማንጠልጠያው አጠገብ። እንግዳ ያያታል አሉ።

ዳዊትን ለብቻው ያዝኩት። በአሮጌዋ ላይ መስታወቱን መልስባት አልኩ። "ትናንት አድርጌው ነበር ባክሽ! ልጄን ፍሪጅ ውስጥ ከተትክብኝ ብላ ቤቱን ቀወጠችው። ሶ፣ አንቺ ንገሪያት። አንቺን ትሰማለች።"

እኔን? ዕድሜ ልኬን ጮክ ብዬ የተናገርኩት ነገር የለም። ግን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት... ካልነገርኳቸው በሙት ዓመቷ ባዶ ወረቀት ነው የሚያገኙት። ነገ እነግራቸዋለሁ። ወስኛለሁ።

ሰኞ፣ ኖቬ. 24።

ጠዋት 12 ሰ. ከሩብ ተነሳሁ። ታጠብኩ። ምንም አልቀመስኩም። ሥራ ቦታ ደውዬ እዘገያለሁ አልኩ። አውቶቡስ ያዝኩ። 2 ሰ. ላይ በሩን ዳዊት ከፈተልኝና ወጣ። እትዬ ጸሎት ላይ ናቸው። ጫማዬን አውልቄ ከኋላቸው ቆምኩ። ጨረሱ። ተጠጉና ሳሟት። ዞር ብለው አዩኝ።

"ነይ እንጂ፣ ሳሚያት። የሠራሻት አንቺ፣ አንድ ቀን እንኳ ስመሻት አታውቂም።"

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ..."

"በኋላ ትነግሪኛለሽ። መጀመሪያ ሰላም በያት።"

ተጠጋሁ። ቀለም ያልደረሰበትን የወረቀቱን ጠርዝ ሳምኩ።

"እዚያ አይደለም ልጄ፣ ጉንጯን።"

ከንፈሬን በእጄ ጀርባ አደረቅሁ። የቀረውን ጉንጯን ሳምኩ።