ድንኳኑ ለእናታችን አይደለም

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለወልደአረጋይ፣
ማጂ

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ሜሮንና ልጆቹ ደህና ናቸው? ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል፣ የመንገድ ሥራውስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ሁላችንም ስል እማዬንም ጨምሬ ነው። እባክህ ይህን መስመር ደግመህ አንብበው። እማዬ አለች። አሁን ይህን ስጽፍልህ እንኳ ከጎኔ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነው።

እንደማታምነኝ አውቃለሁ። እኔም በአንተ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር። በአገራችን የሞተ ሰው ሲጠየቅ «ደህና ነው» የማይል ማን አለ? አባታችን ያረፈ ጊዜ እኔ አዲስ አበባ ሥልጠና ላይ ነበርኩ፤ ቤት እስክገባ ድረስ «ትንሽ አሞት ነው» እያላችሁ አይደል ያመጣችሁኝ? ስለዚህ ያን ቀን ደውለህ «እማዬን አገናኚኝ» ስትለኝ፣ እኔም «ተኝታለች» ስልህ ምን እንዳሰብክ አሁን ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን አልገባኝም። ወንድም ጋሼ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ እውነትም ተኝታ ነበር! ብትነቃስ ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ ስልክ መች ትይዛለች? አንተ ግን «ገባኝ፣ እመጣለሁ» ብለህ ዘጋኸው። ከዚያ ወዲህ ያንተንም የሜሮንንም ስልክ ብሞክር ብሞክር አይሠራም። በዚህ ዝናብ፣ በዚያ ገደል በበዛበት መንገድ፣ ባገኘኸው የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረህ ስትመጣ እየታየኝ እህል ከአፌ አልወርድ ብሏል። በመንገድህ ላይ ያለውን ሥጋት ደግሞ እኔ አልነግርህም፣ አንተው ታውቀዋለህ።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ከግቢያችን ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር ያለውን ሜዳ ታስታውሰዋለህ፤ እማዬ የሱፍ ብርድ ልብሷን፣ ባናዋን፣ የምትሸጥባት የቆርቆሮ ሱቅ ያለችበትን። በከተማው ፕላን ላይ የንግድ ቦታ ነው ተብሎ፣ የሠፈሩ ሰው ተደራጅቶ የገበያ ሕንጻ እንዲሠራበት ተስፋ ከተሰጠን ቆየን። ዘንድሮ ከፋሲካ በፊት ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ጠራና ፕላኑ ሊለወጥ ነው አለን። ንግዱ ቀርቶ የተማሪ ሰርቪስ አውቶቡሶች የሚያድሩበት፣ የሚታጠቡበትና የሚጠገኑበት ግቢ ይሆናል ተባለ። ከተማዋ እየሰፋች፣ ፋብሪካው ሰውን ከየአቅጣጫው እየሰበሰበ፣ ከዳር ያሉት ሠፈሮች ልጆች ትምህርት ቤት እየራቃቸው ስለሆነ ነው አሉ።

ስብሰባው ላይ ያልተባለ የለም። የእድራችን ዳኛ አቶ ገብረ ጻድቅ ተነሥተው፣ በዚህ ብርድ አገር የናፍጣ መኪና ሳይሞቅ አይነሣም፣ ጎህ ሳይቀድ ያ ሁሉ አውቶቡስ ሞተሩን ሲያንደቀድቅ ጭሱን የምንምገው እኛ ነን አሉ። ከእማዬ ሱቅ አጠገብ ምግብ ቤት ያላት አልማዝ ደግሞ፣ የታጠበበት ዘይታም ውሃ ወዴት ሊፈስ ነው፣ ወደ እኔ ጓዳ ነው ወይ ብላ ጮኸች። ሰብሳቢው ሰው አክባሪ ወጣት ነው፤ ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ «ታዲያ ልጆቹ በእግራቸው ይመላለሱ?» አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

እውነቱን ለአንተ ልናገር፣ እኔም ጸጥ ካሉት አንዷ ነኝ። ሊያ ልጄ በየማለዳው ያንን የጭነት መኪና የሚጋልብበትን አስፋልት ተሻግራ ነው የምትሄደው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጣቶቿ ደንዝዘው እስክሪብቶ አይይዙላትም ብላ አስተማሪዋ ነግራኛለች። ሰርቪስ ቢመጣ እፎይ ከሚሉት እናቶች የመጀመሪያዋ እኔ በሆንኩ። ነገር ግን ያንን በዚያ አዳራሽ፣ በዚያ ሁሉ ጎረቤት ፊት ማን ደፍሮ ይናገረዋል? የእማዬም እንጀራ እዚያው ሜዳ ላይ ነው። «ሌላ ቦታ ይፈለግለት» ከሚሉት ጋር እጄን አወጣሁና ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ አቤት ብንል ብንል መልስ ጠፋ። ለካዮች ሊመጡ ነው የሚል ወሬ ብቻ መጣ። ያን ጊዜ ነው ያ የማይረባ ሐሳብ የተወለደው። ማን እንዳመጣው ዛሬ ብትጠይቅ ሁሉም ሌላውን ይጠቁምሃል። ለቅሶ በተቀመጡ ሰዎች መሐል ሜትር የሚዘረጋ ጨካኝ የለም፤ ስለዚህ የእድሩን ድንኳን ሜዳው ላይ እንትከል ተባለና ተተከለ። አቶ ገብረ ጻድቅ በአንድ ነገር ብቻ ክርር አሉ። ድንኳን ጨርቅ ነው፣ ጡሩምባ ግን የሰው ስም ይጠራል፣ በሐሰት አላስነፋም አሉ። ስለዚህ ጡሩምባ አልተነፋም፤ የደብረ ብርሃን ሰው ባገኘህ ጊዜ ይህንን ጠይቀው።

ለካዮቹ መጡ። ድንኳኑን ሲያዩ መሣሪያቸውን ወደ መኪናው መልሰው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ገቡና «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ተቀመጡ። ንፍሮውን ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ። አንገታቸውን ደፍተው ቆረጣጥመው ሄዱ። ከሄዱ በኋላ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሲስቁ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። አሁን ሳስበው የት ልግባ ያሰኘኛል።

እማዬን ማንም አልነገራት። «ማን ሞቶ ነው?» ስትለን «የሩቅ ሰው ነው፣ አታውቂውም» አልናት። እሷ እንደሆነች ለማታውቀው ሰው ማልቀስ አይከብዳትም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ በየማለዳው ትገባና «ወይ የሰው ልጅ» እያለች እንባዋን ታፈሳለች። እኛ ሁላችን ስናስመስል ከልቧ ያለቀሰች እሷ ብቻ ነበረች። ለካዮቹንም ያሳመነቻቸው እሷ ናት ብል አልዋሸሁም።

ድንኳኑ ለወጉ ከሚቆመው በላይ ሲሰነብት ግን አለቃቸው ተጠራጥሮ ራሱ መጣ። ተቀመጠ፣ ንፍሮውንም ዘገነ፣ ቀጥሎም ቀስ ብሎ «ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?» አለ። ይህን የሚጠይቅ ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረምና ሁሉም ተያየ። አልማዝ ደንግጣ እጇን ወደ እኛ በር ዘረጋችና «እማማ ፋና፣ የዚህ ቤት እናት» አለችው። እማዬ በዚያ ቀን ቁርጥማቷ ተነሥቶባት ቤት ተኝታ ነበር፤ እኔም ወፍጮ ቤት ነበርኩ። አልማዝ በክፋት አላደረገችውም፤ አፏ ላይ የመጣላት ስም እሱ ሆነ። ዕድላችን ሆነና ልክ በዚያች ሰዓት የሰላ ድንጋዩ ንጉሴ፣ ለእናንተ ሥራ ሲሚንቶ የሚያመላልሰው ወዳጅህ፣ ድንኳን አይቶ መኪናውን አቁሞ ኖሯል። የእማዬን ስም ሲሰማ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ አልቅሶ፣ ጭነቱ መንገድ ዘግቶ ስለነበር እኔን ሳያገኝ ሄደ።

ማጂ ሲደርስ መርዶ እንዲያው በመንገድ የሚነገር አይደለም ብሎ ለሥራ ባልደረቦችህ ነገራቸው። እነሱም እንደ ወጉ ማልደው ሊያረዱህ ሲሰናዱ፣ አንተ ፊታቸውን አይተህ ነው የደወልክልኝ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ንጉሴ ሲመለስ ነው። ለቅሶ ሊደርስ ነጠላ ለብሶ ቢመጣ በር ላይ እማዬ ቆማ አገኛት። እሪ አለ። እሷ ግን ጩኸቱን ስላልሰማችው እቅፍ አድርጋ ሳመችውና «ልጄን አየኸው? ከሳ ወይስ ወፈረ?» ብላ ጠየቀችው።

ንጉሴ ሲረጋጋ ሁሉንም ነገረኝ፤ እኔም በእማዬ ጆሮ እየጮህኩ ነገርኳት። በራሷ ድንኳን ውስጥ ስታለቅስ መሰንበቷን ስነግራት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጄ ሰማ ወይ?» አለችኝ። «ሰምቷል» አልኳት። ዱላዋን ይዛ ተነሣች፤ ቁርጥማቱን የት እንዳደረሰችው እንጃ።

የሠፈሩ ሰው ድንኳኑ ውስጥ ተሰብስቦ ነበር። እማዬ ደጃፉ ላይ ቆማ ይኼን ጨርቅ አንሡልኝ አለች። አቶ ገብረ ጻድቅ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው ለመኗት፤ የከተማው ምክር ቤት ሊሰበሰብ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፣ እስከዚያ ይታገሡን፣ ዛሬ ከተነሣ ነገ ይለካል፣ ከተለካም የእርስዎም ሱቅ አብሮ ይሄዳል አሏት። እሷም «ይሂድ! ልጄ በቁሜ እያለቀሰልኝ እኔ እዚህ ባና ልሸጥ?» አለች። ከዚያም ጎንበስ ብላ ካስማውን ያዘች። ጠንክሮ ተመትቶ ስለነበር ብትወዘውዘው አልነቀል አላት። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ የሚረዳት ጠፋ። እኔም ወንድም ጋሼ ለአፍታ ቆሜያለሁ፤ የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነበር፣ ነገም አብሬያቸው ነው የምኖረው። ቆይቼ ግን ሄድኩና እጄን ከእጇ አጠገብ አድርጌ ጎተትኩ። ሲነቀል ሁለታችንም በቂጣችን ተቀመጥን። ያን ጊዜ አቶ ገብረ ጻድቅ ዞረው በወዲያ በኩል ያለውን ካስማ መንቀል ጀመሩ።

በማግስቱ ለካዮቹ መጡ። ቀይ ቀለም የተቀቡ ችካሎች በየቦታው ተክለው ሄዱ፤ አንዱ ከእማዬ ሱቅ በር ፊት ነው። ምክር ቤቱ ገና አልወሰነም፤ አቶ ገብረ ጻድቅም እስከ ዞን እንሄዳለን እያሉ ነው። ሠፈሩ ግን አኩርፎናል። አልማዝ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች፤ በእሷ አፍ የመጣ መሆኑን ረስታ «እናንተ ናችሁ ያስበላችሁን» ትላለች አሉ። ባለቤቴ ቢኒያም ይረሳሉ ይለኛል፤ እኔ እንጃ። ሊያ ደግሞ ችካሎቹን አይታ «አውቶቡሱ የሚቆመው እዚህ ነው?» ብላ በደስታ ስትጠይቀኝ ምን ብዬ እንደምመልስላት ጨነቀኝ። እማዬ አሁንም በየቀኑ ሱቋን ትከፍታለች፤ ችካሉን በዱላዋ ነካ አድርጋው ነው የምታልፈው።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ንጉሴ ነው። ሲመጣ ጥሎት የመጣው መንገድ ከኋላው በናዳ ተዘግቷል አለኝ፤ ስለዚህ እስካሁን አልተነሣህም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። መንገድ ተዘጋ ሲባል ደስ ሲለኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ምናልባት ተነሥተህ ከሆነ በሚዛን፣ በቦንጋና በጅማ በየማረፊያው እየጠየቀ እንዲፈልግህ አስምዬዋለሁ፤ ናዳው ካልተነሣም በእግሬ እሻገራለሁ ብሏል። መጀመሪያ መርዶውን ያመጣው እሱ ነውና አሁን የምሥራቹን ሲነግርህ እንዴት ታምነዋለህ? ፎቶዋን ልላክ ብዬ ነበር፤ የድሮ ነው ትላለህ ብዬ ተውኩት። ንጉሴም ቢምል፣ እኔም ብምል፣ ይህ ሁሉ መሐላ ለሞተ ሰው የሚማል መሐላ ነው። አየህ ምን እንዳደረግን? «ደህና ናት» የምትለውን ቃል ራሳችን ገደልናት።

ስለዚህ እማዬ በነገረችኝ መሠረት አንድ ቃል እገባልሃለሁ። ነውር ነው ትለኝ ይሆናል፤ እኔም ሳስበው ይዘገንነኛል፤ እሷ ግን ይህን ካልጻፍሽ ምስሩን አላነሣም ብላ ከጎኔ ተቀምጣለች። እግዚአብሔር ቀኑን ያርቀውና እማዬ የምታርፍ ዕለት ሽማግሌ አልልክብህም፣ «ትንሽ አሟታል» አልልህም፣ ጎህ እስኪቀድ አልጠብቅም። እኔው ራሴ፣ በዚሁ በምታውቀው ድምፄ ደውዬ ሞተች እልሃለሁ። ያንን ቃል ከእኔ አፍ እስክትሰማ ድረስ እናትህ አለች። ጥቁር ለብሰህ ከሆነ አውልቀው፣ ለቅሶ የመጡትን ሰዎች አመስግነህ ሸኛቸው፣ አንተም ካለህበት አትነሣ።

ሜሮንን በብዙ ሳምልኝ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ አክስታችሁ ሰርካለም ትናፍቃችኋለች በላቸው። ማልደው ሊያረዱህ የነበሩትን ባልደረቦችህንም ስለ ወዳጅነታቸው እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። ቢኒያም እጅ ነሥቷል፤ ሊያ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። አቶ ገብረ ጻድቅ በጣም ማፈራቸውን ንገሪው ብለው ሰላምታ ልከዋል። እማዬ ደግሞ ምስሯን እየለቀመች «ከሳ ወይስ ወፈረ የሚለውን ንጉሴ ሳይመልስልኝ ቀረ» ትልሃለች።

እህትህ ሰርካለም
ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.