ላስቲክ ለብሶ ስለሚታየው የቀበሌያችን ቴሌቪዥን

ለተከበሩ ጓድ ስማቸው
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ደሴ

አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፣ ዐይንዎንም እንደ እስከ ዛሬው ደህና አድርጎ ያቆይልዎ። ይህችን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኳት፣ በእጅዎ ልሰጥዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ ነው። በመሠረተ ትምህርት ያስቆጠሩኝን ፊደል ለዚህ በማዋሌ እንደማይቀየሙኝ አምናለሁ።

፩ኛ/ በአዳራሹ ቴሌቪዥን ፊት ስላስለጠፉልን ላስቲክ ከልብ አመሰግናለሁ። የኮምቦልቻ ሰዎች ባለቀለም ቴሌቪዥን አስገቡ ሲባል፣ እርስዎ መበለጥን ስለማይወዱ፣ ከላይ ሰማያዊ፣ ከመሃል ቀይ፣ ከታች አረንጓዴ አስለጥፈው «ይኸው የእኛም ባለቀለም ሆነ» አሉን፤ እኛም አጨበጨብን። ከዚያን ቀን ወዲህ ዜና የሚያነበው ሰውዬ ግንባሩ ሰማያዊ፣ አገጩ በርበሬ፣ ከረባቱ ጎመን ነው።

፪ኛ/ የሰው መልክ አይለይም ብዬ ባመለከትኩ ጊዜ «እማማ ዘሀራ፣ የቴሌቪዥኑ መስኮትስ ጥራት አለው፤ የደከመው ዐይንዎ ነው» ብለው ስለመከሩኝም አመሰግናለሁ። በእርግጥ ለእርስዎ ጥራት አለው፤ ንግግሩ ከተሰማና የሚያጨበጭብ እጅ ከታየ ምን ይጎድልዎታል? ወጣቶቹም ኳሷ ወዴት እንደሄደች ካወቁ ይበቃቸዋል። ጎረቤቴ ሸሪፋ ደግሞ ከቦሩ ሜዳ ከመጣች ወዲህ ያየችው ቴሌቪዥን ይኸው ብቻ ስለሆነ፣ የአዲስ አበባ ሰው መልኩ እንዲህ ይመስላታል። እኔ ግን የምፈልገው የአንድ ሰው ፊት ነው።

፫ኛ/ ልጄ ዘይኑልአቢዲን ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቶብኛል። በአብዮት በዓል ሰሞን ሠራዊቱ በቴሌቪዥን ሲታይ ሸሪፋ «እታለም! ያውና ዘይኑ! ወላሂ እሱ ነው፣ አረማመዱን እዪው!» ብላ ጮኸች። እኔ ያየሁት ራሱ ሰማያዊ፣ ደረቱ ቀይ የሆነ ነገር ሲያልፍ ነው። እርስዎ ግን ከመቀመጫዎ ሳይነሱ «በትክክል እሱ ነው» ብለው አረጋገጡ፤ እኔንም የጀግና እናት ብለው አስነሥተው አስጨበጨቡልኝ። ስለ ጭብጨባው አመሰግናለሁ። በማግሥቱ፣ ልጄ የት እንዳለ የጦሩ መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቀኝ የቀበሌውን ደብዳቤ ብለምንዎ «ሕዝብ በዐይኑ ያየውን ልጅ ጠፋ ብለን እንዴት እንጻፍ?» ብለው መለሱኝ።

፬ኛ/ ያ የሠራዊቱ ፊልም ይደገማል ሲባል ሰምቼ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እዚያ ያሉት ሰዎች፣ አላህ ይቅር ይበላቸውና፣ መስኮቱን ራቁቱን ትተውታል። ያን በአረማመዱ የለየነውን ልጅ ከቅንድቡ ጠባሳ እስከ ሸሚዙ ቁልፍ አየሁት። መልከ መልካም ልጅ ነው፤ እናቱን አላህ ደስ ያሰኛት። የእኔ ልጅ አይደለም።

ዳገቱን ስመለስ የረገምኩት እርስዎን አልነበረም፣ የኮምቦልቻን ቴሌቪዥን ነበር። በእርስዎ መስኮት ልጅ ነበረኝ። ስለዚህ ላስቲኩ ይነሣ ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ለሚበቃው ሰው ይቆይለት። እኔ የምለምንዎ ያችን ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ልጁ አልታየም፣ እናቱ ትጠይቃለች ብለው ማኅተምዎን ያሳርፉልኝ። መርዶም ቢሆን በግልጽ ይምጣልኝ።

ከቢሮዎ ደጃፍ ድንጋዩ እስኪሞቅ ተቀምጣ የምትጠብቅዎ፣ በጓሮ በር ሲወጡም በልቧ እጅ የምትነሣዎ፣

ዘሀራ ይመር
የዘይኑልአቢዲን እናት

የረሳሁት፦ ባለፈው ዓርብ እርስዎ በሌሉበት፣ እህል ደብቀው የተያዙ አሻጥረኞች በቴሌቪዥን ቀርበው ነበር። ሸሪፋ አንደኛውን አይታ «ውይ! ጓድ ስማቸው አይደሉም እንዴ!» ስትል አዳራሹ በሙሉ እሳቸው ናቸው አለ። እኔ ያየሁት ቀይ አገጭ ብቻ ነው። መስኮቱ ጥራት አለው በሚለው ቃልዎ ከጸኑ ግን፣ የበላይ አካል መጥቶ ቢጠይቀኝ በዐይኔ አየሁ ብዬ እመሰክራለሁ።