ይሄንን እኔ አላስተማርኩህም

ውድ የእህቴ እጮኛ፣

ጭነትህን በሰላም አደረስክ? እኔ ከጥርጣሬዬ በስተቀር ደህና ነኝ። በጽሕፈቴ እንዳትስቅ፤ ትምህርት ቤቱና እኔ በስምምነት ነው የተለያየነው።

ያን ቀን እህቴ ቀሚስ ልታደርስ ወጥታ፣ እኔና አንተን ዝናብ ስፌት ቤቷ ውስጥ አገተን። «ፖከር ላስተምርህ?» ስልህ፣ «እኔ እኮ ካርታ በእጄ ነክቼ አላውቅም» አልከኝ። ለእሷም እንዲሁ ብለህ ምለህላታል። አባታችን የእናታችንን የስፌት መኪና በቁማር እንዳስበላ ነግራህ፣ «ካርታ የሚነካ ባል አልፈልግም» ያለችህ ጊዜ።

እኔም እንደ መምህር ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ለየሰው አምስት አምስት ካርታ ይታደላል። ያልወደድከውን ጥለህ ትቀይራለህ። ጥንድ ከባዶ ይሻላል፤ ሦስት አንድ ዓይነት ከጥንድ ይበልጣል። ሦስትና ጥንድ አብረው ከመጡልህማ ሱሪህንም አሲዝ!» በገንዘብ ፈንታ የሸሚዝ ቁልፍ ደረደርን።

«ኧረ ተው! ይሄ ሁሉ እንዴት ይያዛል?» ብለህ ጭንቅላትህን አከክህ።

ግን ጋሼ፣ ጀማሪ ካርታውን እንደ ጋዜጣ ዘርግቶ ነው የሚያነበው፤ ጎረቤት ሁሉ ያይለታል። አንተ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ በመዳፍህ ከለልከው፣ ጫፉን በአውራ ጣትህ ቀና አድርገህ አንዴ አየህ። አበቃ፣ ደግመህ አላየህም። ማነው ያሳየህ? እኔ አይደለሁም!

ከዚያ ጥንድ እንኳ ሳይኖረኝ እየተጀነንኩ ቁልፍ ስጨምርብህ፣ «በቃ አሸነፍከኝ» ብለህ ካርታህን ጣልክና ስልክ ልታነሳ ወደ በሩ ሄድክ። ገለጥኩት። ሦስት ንጉሥና ሁለት ሰባት!

ደስ ይበለው ብለህ ነው? ወይስ አላዋቂ ለመምሰል? አሁን «መንገድ ላይ ነኝ» ባልክ ቁጥር እንኳ የትኛው መንገድ ላይ ይሆን እላለሁ። ክፋቱ ደግሞ ወድጄሃለሁ። እህቴ በቀልዴ የሚስቅ ሰው ስታመጣ የመጀመሪያዋ ነው።

እስካሁን አልነገርኳትም። የሠርግህን ሱፍ ጨርቅ ዘርግታ በጠመኔ አስምራለች። ልትቆርጥ ስትል መቀሱ ጠፋ። «አንተ ጦጣ፣ የት ነው የደበቅከው?» እያለች ቤቱን ትገለብጣለች። ትራሴ ውስጥ ነው። መጥተህ በራስህ አፍ ንገራት። እውነቱን ሰምታም «ይሁን» ካለች፣ መቀሱን በእጄ አቀብላታለሁ። «አይሆንም» ካለችም ጨርቁ እንኳ ይተርፋል።

ቶሎ ና ግን። ዛሬ ጠዋት ከጎረቤት መቀስ ስትለምን ሰምቻታለሁ።

አማችህ መሆን የሚፈልገው፣
ጦጣው