ከእናቱ ማህፀን ሰክሮ ስለወጣው ወንድሜ

ለተከበሩ የትራፊክ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ በተለይ የዓይንዎን ጤና እንዲያበዛልዎ ከልብ እመኛለሁ፤ በእርስዎ መንገድ ላይ ዓይኑ ያልጸና ሰው ምን እንደሚገጥመው አይቻለሁና። እኔ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ባልደረባዎ ሰክረሃል ብለው መንጃ ፈቃዱን የቀሙት የተማሪዎች ሰርቪስ ሹፌር ታላቅ እህት ነኝ። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ወንድሜ መጠጥ የሚባል ነገር በአፉ ዞሮ አያውቅም።

፩. ባልደረባዎ እስክሪብቶ ከግራ ወደ ቀኝ እያንቀሳቀሱ በዓይንህ ተከተል አሉት፤ ዓይኑም ተርገበገበ። በሳይንሱ መሠረት የሚርገበገብ ዓይን የሰካራም ዓይን ነው ተባልን። ሳይንሱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የወንድሜ ዓይን ሲወለድ ጀምሮ ስለሚርገበገብ፣ ምስኪኗ አዋላጅ በእጇ የተቀበለችው ሰካራም ነበር ማለት ነው። ይህንኑ ዓይን መርምሮ ለመንዳት ብቁ ነው ያለውም የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ያን ዕለት ማን ጠጥቶ እንደነበር መጠየቅ ነውር ይሆንብኛል።

፪. ቀጥሎ በመስመር ላይ ተራመድ ተባለ። አስፋልቱ ላይ መስመር የሚባል ስላልነበረ፣ እንዳለ አድርገህ አስብ አሉት። እሱም አሰበ፣ ተራመደ፤ ከመስመሩ ወጥተሃል ተብሎ ተጻፈበት። ወንድሜ በልቡ ያሰመረውን መስመር ባልደረባዎ በምን እንዳዩት አልገባኝም።

፫. ትንፋሽ መለኪያው መኪናቸው ውስጥ ነበር፤ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ልንፋ ብሎ ለመነ፤ አያስፈልግም ተባለ። እንግዲያው ደሜን ውሰዱ ብሎ እጅጌውን ሲሰበስብ፣ አትዘባርቅ ተባለ፤ መዘባረቁም እንደ ተጨማሪ የስካር ምልክት ተመዘገበለት። ክፉ አሳቢ ሆኜ ይሆናል፤ ግን መሣሪያው መኪና ውስጥ ተኝቶ እስክሪብቶ የሚመሰክረው ለምንድን ነው? ዜሮ የሚባል ቁጥር እንዳያሳይ ፈርታችሁ ይሆን? ኧረ ነገሩ አልጥም ብሎኛል።

፬. ልጄን ካንተ ሌላ ለማንም አልሰጥም ትለው የነበረች እናት፣ ዛሬ ስታየው ወደ ማዶ ትሻገራለች። እሱም ከቤት መውጣት ትቷል። ሰኞ ጉዳዩ ሲታይ ከተፈረደበት መሪ ዳግመኛ አይጨብጥም፤ ሌላ ሙያ ደግሞ የለውም። አንጀቴ አርሯል ክቡርነትዎ፤ በአክብሮት ነው የምናገረው እንጂ አርሯል።

ለሕዝብ ደኅንነት ስለምታደርጉት ያላሰለሰ ጥረት፣ በተለይም መለኪያውን ሳያረጅ በክብር ስላስቀመጣችሁልን፣ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ከእሱ ከማያንስ ጥርጣሬ ጋር፣
የሰካራሙ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወንድሜ የአራት ወር ሴት ልጅ አለችው፤ ዓይኗ ልክ እንደ አባቷ ይርገበገባል። እስካሁን ከእናቷ ጡት ሌላ የቀመሰችው ነገር የለም። ሰኞ ይዘናት ስለምንመጣ፣ ባልደረባዎ እስክሪብቷቸውን እንዳይረሱ።