ከፎጣው ሥር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
ከካሚል ጋር ጨፋ ሮቢት ሄድን፣ ለሬዲዮ ፕሮግራማችን ድምፅ ልንቀዳ። ገበያተኛው ከበበኝ። "ሸምሱ! አከም ጅርታ! እስቲ ያችን ሳቅህን!" አንዲት አሮጊት ካሚልን አየት አድርጋ "አንተስ ሹፌሩ ነህ?" አለችው። በሳቅ ሞትኩ። እሱ አልሳቀም። ከሚሴ እስክንገባ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ። ስድስት ዓመት አብሮኝ ሕዝብ ያሳቀ ሰው... በዚች ይከፋዋል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 5
የፕሮግራም ቀን። እንደ ወትሮው ስቱዲዮ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ ዘርግተን፣ ከሥሩ እጅ ለእጅ ተያያዝን። ከሰንበቴ ገበያ የከብት ደላሎች የወሰድናት ዘዴ ናት። እነሱ በፎጣ ሥር በጣት ዋጋ ይነጋገራሉ፣ እኛ ቀልድ። ካሚል አንዴ ከተጫነኝ ቀጥል፣ ሁለቴ ከተጫነኝ በቃ።

ዛሬ ዱቄት ነጋዴውን ሀጂ ሰልማንን ነካሁ፤ ስፖንሰራችንን። "የሀጂ ኩንታል ረመዳን ሳይገባ ጾም ጀምራለች መሰል፣ በየሳምንቱ ትከሳለች" አልኩ። ትንሽ ፈራሁ። ጣቱን ጠበቅኩ። አንዴ። ቀጠልኩ። ደግሞ አንዴ። ስለ ሚዛናቸውም ጨመርኩበት...

ዓርብ፣ ኅዳር 6
ኃላፊያችን ዙቤይዳ ሁለታችንንም ጠራችን። ሀጂ ስፖንሰርነታቸውን አቋርጠዋል።

"ሀጂን እንዳትነኩ ብዬ ትናንት ጠዋት ለካሚል ነግሬው የለም እንዴ?"

እኔ መች ሰማሁ?

"ሁለቴ ተጫንኩት፣ እምቢ አለኝ" አለ ካሚል። መሬት መሬት እያየ።

ወላሂ አንዴ ነው! ግን ማን አየ? ፎጣው ይመስክርልኝ? ታገድኩ። ወንድሜ የምለው ሰው...

ሐሙስ፣ ኅዳር 12
ቤቴ ቁጭ ብዬ ፕሮግራሙን ሰማሁት። ካሚል ብቻውን። የኔንም ድምፅ እሱ ያወጣል። ሳቄን ሳይቀር ሳቀ። ማታ ስኳር ልገዛ ብወጣ ባለሱቁ ኸይረዲን "ዛሬማ ገደላችሁን!" አለኝ። አለመኖሬን እንኳ አላወቀም። ስኳሬን ይዤ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21
ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ተቀመጡ። ሸህ ረጀብ የኔንና የካሚልን እጅ አያይዘው በመዳፋቸው ሸፈኑት። "ሸምሱ፣ በሆድህ የያዝከው ካለ አሁን አውጣው። ከዱዓ በኋላ ወደ ኋላ ማለት የለም።"

አፌን ከፈትኩ።

ሁለቴ ተጫነኝ።

ያረቢ! ለካ ሁለቴ መጫን ያውቃል!

እኔስ? እንደ ለመደብኝ ዝም አልኩ። የስድስት ዓመት ልማድ... "የለኝም" አልኩ። ዱዓው ተደረገ፣ አሚን ተባለ። ከእንግዲህ ብናገር ዱዓ አፍራሹ እኔ ነኝ። ጅል! ጅል ሸምሱ!

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3
እገዳው ተነሳልኝ። ካሚል ምንም እንዳልተፈጠረ ፎጣውን ዘረጋ፣ እጁን ከሥሩ ሰደደ። እኔ የኔን ኪሴ ከተትኩ። መቀጠሌንም ማቆሜንም በራሴ። ሕዝቡ ከወትሮው በላይ ሳቀ አሉ።

ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ፎጣው ሲነቃነቅ አየሁ። እጄን ይፈልጋል።

ይፈልግ።