በሩን የማትከፍተው ሚስት

ቀራንዮ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም

ይድረስ ለኢዮስያስ አባት፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ አላነሳ ብትለኝ ጊዜ ይህንን ነገ ጅማ በምትሄደው በጎረቤታችን በፈትያ እጅ ልልክልህ ነው። አልደረሰኝም ብለህ እንዳታመካኝ፤ እጁ ላይ ሳልሰጥ አልመለስም ብላለች።

አንድ ጉድ ልንገርህ። «ሦስተኛ ፈረቃ» እንደገና ሊታይ ነው! አዎ፣ ያ በወጣትነታችን አንተ የፋብሪካ ሠራተኛውን፣ እኔ ሚስቱን ሆነን የሠራነው ቲያትር። የሰፈሩ ልጆች ናቸው ያነሱት፤ ቅዳሜ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ይጀመራል። ሚስቲቱ አሁንም እኔ ነኝ። ባልየው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ልጅህ! ጢም ለጥፎ፣ ጥለኸው የሄድከውን ግራጫ ካፖርት ለብሶ። ካፖርቱን የሰጠሁት ሳጥን ውስጥ ብል ከሚበላው ብዬ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልህ።

መጨረሻውን ታስታውሰዋለህ። ከሥራ የተባረረው ባል አፍሮ ከቤት ይጠፋል፤ ከርሞ ሲመለስ በር ያንኳኳል። ሚስቱ ተቀምጣ ትሰማዋለች እንጂ አትከፍትም። እያንኳኳ መጋረጃው ይወርዳል።

እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ኢዮስያስ እንዳንተ ነው የሚያንኳኳው፤ ሁለቴ በጣቱ፣ ከዚያ በመዳፉ ጠፍ። ማን እንዳስተማረው እንጃ። ያንን ስሰማ እግሬ ራሱ ይነሳል። በልምምድ ላይ ስንቴ ከፈትኩት! አዘጋጇ ናዝራዊት ፀጉሯን ልትነጭ ደርሳለች።

«ኧረ እትዬ አልማዜ፣ ይቀመጡ እንጂ! ከከፈቱለትማ ቲያትሩ አለቀ በቃ!»

ኢዮስያስም ከበሩ ወዲያ ጢሙን እያሻሸ፣ «እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ» ይላል። መሆኑን መች አጣሁት።

ያኔ መቀመጥ አይከብደኝም ነበር። ከበሩ ጀርባ የቆምከው አንተ ነህ፤ ሰው ሲበተን እየሳቅን በእግራችን ጦር ኃይሎች ድረስ እንደምንሄድ አውቃለሁ። አሁን አንዱን ሥራ ሳልጨርስ ሌላ እጀምራለሁ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ደጅ ደጁን አያለሁ፣ የታክሲ በር ጓ ሲል እወጣለሁ። መሥሪያ ቤትህ ቢያሰናብትህ ማን ምን አለህ? እኔ ክፉ ቃል ወጣኝ? ሥራ ልፈልግ ብለህ ሄደህ በዚያው ቀረህ። ተናድጄብሃለሁ፣ በጣም።

ትናንት ናዝራዊት ቆርጣ፣ «ዛሬም ከተነሱ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አለችኝ። ወንበሩን በሁለት እጄ ጨብጬ ተቀመጥኩ። ልጅህ አንኳኳ። አልተነሳሁም። ደግሞ አንኳኳ። አልተነሳሁም። ልጆቹ ሁሉ አጨበጨቡልኝ፣ ናዝራዊትም እያለቀሰች አቀፈችኝ። እኔ ግን ፈራሁ። መጀመሪያ ሲያንኳኳ ልቤ ሊወጣ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ፣ እውነቴን ነው፣ ብዙም አልከበደኝም።

ቅዳሜ እቀመጣለሁ፤ ልጁን ሰው ፊት አላሳፍረውም። እሑድም አለ፣ የሚቀጥለው ሳምንትም አለ፣ ሕዝቡ ከወደደው ደግሞ ይቀጥላል ይላሉ። ሁልጊዜ ልቀመጥ ነው እንግዲህ።

ብርዱን ተጠንቀቅ። እግዚአብሔር በሄድክበት ይጠብቅህ፣ መልሶም ያምጣህ። መቀመጡን ሳልለምደው ና።

ባለቤትህ
አልማዜ