በሐዘንተኛ ወንበር የተቀመጡት ወይዘሮ ዘርፉ ኢተፋ (1929–1982 ዓ.ም.)

በ1929 ዓ.ም.፣ የሁሩታ ገብስ ታጭዶ ገና ሳይወቃ፣ ለአቶ ኢተፋ ነገሪና ለወይዘሮ ሎሚ ሆራ ሦስተኛ ልጅ ተወለደችላቸው። ቀኑን የጻፈ ሰው የለም። እናትየው ግን በዚያ ሰሞን ክምሩ ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ እንደ ጣለበት እስከ ዕለተ ሞታቸው ይናገሩ ነበር። ልጅቱንም ዘርፉ አሏት።

ወይዘሮ ዘርፉ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አሰላ ከሚኖሩ አጎታቸው ዘንድ ተቀምጠው በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በእግር እየተረገጠ የሚነፋውን የጸሎት ቤቱን ሃርሞኒየም መጫወት የለመዱትም እዚያው ነው። በ1948 ዓ.ም. ወደ ናዝሬት መጥተው በስልክ ቤት በኦፕሬተርነት ተቀጠሩ፤ ሕመም እስኪጥላቸው ድረስም፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ተረኛነት፣ ከዚያው ሥራ አልተለዩም። በ1953 ዓ.ም. የምድር ባቡር መካኒክ ከሆኑት ከአቶ ቀነዓ ገመዳ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሣራንና ጆቴን ወልደዋል።

በ1964 ዓ.ም. ከጦር ሠራዊት ሙዚቀኝነት በጡረታ የተገለሉት አቶ ሰብስቤ፣ የናዝሬት በጎ ፈቃድ ኦርኬስትራን አቋቋሙ። አባላቱ አሥራ አንድ ነበሩ፤ ሁሉም ከሥራ መልስ የሚመጡ ናቸው። ልብስ ሰፊው አቶ ኑሬ ክላርኔት ይነፋሉ፤ መምህርት ውዴ አኮርዲዮን፣ አቶ ቀነዓ ድራም፣ አቶ ሰብስቤ ራሳቸው ትራምፔት ይጫወታሉ። መሣሪያዎቹ በአባላቱ መዋጮ የተገዙ ነበሩ። ዓላማቸው አጭር ነው፤ ሙዚቀኛ መቅጠር ለማይችል ሁሉ ያለ ክፍያ መጫወት። በሆስፒታል ግቢ፣ በትምህርት ቤት፣ በድሀ ሠርግ ላይ ተጫውተዋል። በእህል መኪና ተጭነው እስከ ሻሸመኔ ሄደዋል። ወይዘሮ ዘርፉ በዚያን ጊዜ አባል አልነበሩም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸውን ተከትለው ይመጡና ከኋላ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር፤ ሌሊቱን ሲሠሩ ያደሩ ናቸውና አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ከለውጡ በኋላ መሣሪያዎቹ የሕዝብ ንብረት ተብለው በቀበሌው አዳራሽ ተቀመጡ። ኦርኬስትራው እንዲጠቀምባቸው ቢፈቀድም፣ በየወሩ በሚደረገው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አሥራ አንዱም ወንበር ተሞልቶ መታየት ነበረበት። ከጎደለ መሣሪያዎቹ ለቀበሌው የኪነት ቡድን ይሰጣሉ። ግዴታው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በአገራችን ሐዘንተኛ የሙዚቃ መሣሪያ አይነካም፤ አንዱ እስከ አርባው፣ ሌላው እስከ ዓመቱ። እነዚያ ዓመታት ደግሞ ሞት የበዛባቸው ነበሩ። ከአሥራ አንዱ ቤት ሐዘን ያልገባበት ወር ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ።

በ1970 ዓ.ም. የመምህርት ውዴ ታናሽ ወንድም ሞተ። ውዴ አኮርዲዮኑን እንደማይነኩ ለአቶ ሰብስቤ ሊነግሩ መጡ። ስብሰባው ደርሷል፤ ምትክም የለም። ያን ጊዜ ከኋላ የነበሩት ወይዘሮ ዘርፉ ተነሡና ውዴን፣ «አንቺ እዘኚ። ወንበርሽን እኔ እይዝልሻለሁ» አሏቸው።

አኮርዲዮን የሃርሞኒየም ዘመድ ነው ተብሎ ታስቦ ነበር። ብዙም አይደለም። በመጀመሪያው ልምምድ አቶ ሰብስቤ ጥቂት ታግሠው ካዳመጡ በኋላ፣ ወይዘሮ ዘርፉ አሁንም ስልክ እያገናኙ እንደሆነ ጠየቋቸው። «እኔስ አገናኝቻለሁ፤ የሚያነሣ ጠፋ እንጂ» አሉ እሳቸውም። በስብሰባው ቀን ግን ወንበሩ ተሞልቶ ታየ፤ መሣሪያዎቹም አልተወሰዱም።

ውዴ ዓመታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ወይዘሮ ዘርፉ አኮርዲዮኑን ወልውለው አስረከቡ። ወደ ኋላ መቀመጫቸው ሊመለሱ ሲሉ የባስ ጊታር ተጫዋቹ የአቶ መሐመድዘይን አባት አረፉ። ከዚያ የሌላው ሚስት፣ ከዚያ የሌላው ልጅ። እንዲህ እየሆነ ወይዘሮ ዘርፉ አምስት መሣሪያ ትንሽ ትንሽ ቻሉ፤ አንዱንም በደንብ አልቻሉም። ከጸሎት ጓደኞቻቸው መካከል፣ አማኝ ሆነው ሳለ ዘፈን መጫወታቸውን የነቀፉ ነበሩ። አልተከራከሩም። የሚጫወቱት ሌላው ተቀምጦ እንዲያለቅስ መሆኑን ብቻ ተናገሩ። ደከመኝ ማለት አይወዱም ነበር፤ ሣራ ግን በእሑድ ምሽት እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ስታጥባቸው፣ ውሃው ሳይቀዘቅዝ እንቅልፍ ይዟቸው ሲሄድ ታስታውሳለች።

ጆቴ በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሄደ። መርዶው የደረሰው በመጋቢት ወር 1981 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ወይዘሮ ዘርፉ የያዙት፣ እናታቸው የሞቱባቸውን የአቶ ኑሬን ወንበር ነበር። ድራሙ ደግሞ የአባትየው የአቶ ቀነዓ ነው። በአንድ ቀን ሁለት ቦታ ጎደለ፤ ጎዶሎ ሲሞሉ የኖሩትም ራሳቸው ሐዘንተኛ ሆኑ።

በሦስተኛው ቀን አባላቱ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። የስብሰባውን ነገር ማንም እንዳያነሣ አቶ ኑሬ አስቀድመው ለምነው ነበር። ያነሡት ወይዘሮ ዘርፉ ናቸው። ስብሰባው የፊታችን ቅዳሜ መሆኑን አስታውሰው፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ሄደው እንደሚመለሱ ተናገሩ። አቶ ቀነዓም አንገታቸውን እንደ ደፉ እሳቸውም እንደሚሄዱ ገለጹ። መምህርት ውዴ ተነሥተው ከአጠገባቸው ተቀመጡ።

«እትዬ ዘርፉ፣ እኔ ወንድሜን አልቅሼ የወጣልኝ እርስዎ ቁጭ ብለውልኝ ነው። አሁን እርስዎ ያልቅሱ።»

«መሣሪያዎቹስ?»

«እንጨትና ብረት ናቸው እኮ» አሉ አቶ ሰብስቤ፤ ትራምፔታቸውን ሳይወለውሉ ሳምንት የማያሳልፉት ሰው።

ቅዳሜ ዕለት አባላቱ ከስብሰባው ቀድመው አዳራሹ ገቡ። መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ጠርገው መድረኩ ላይ ደረደሩና፣ ኦርኬስትራው እንደ ጎደለ ለቀበሌው ሊቀ መንበር አስታወቁ። ሊቀ መንበሩ አንድ ወር ሊታገሡ እንደሚችሉ ቢነግሯቸው፣ አቶ ሰብስቤ ሐዘኑ የዓመት መሆኑን ተናግረው ወጡ። መሣሪያዎቹ ለኪነት ቡድኑ ተሰጡ።

ወይዘሮ ዘርፉ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። በእሳቸው ሰበብ የአሥራ ሰባት ዓመት ድካም ፈረሰ ብለው ውዴን ለብዙ ጊዜ በደንብ አላነጋገሩም። አንድ እሑድ ግን ከምሳ ተነሥተው ጋደም አሉና እስኪመሽ ድረስ ተኙ። አቶ ቀነዓ በር ላይ ተቀምጠው የሚመጣውን ጠያቂ ሁሉ በእጃቸው ምልክት ዝም ያሰኙ ነበር። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ዘርፉ ለልጃቸው በወጉ አለቀሱ። ማንም ሳያስቸኩላቸው ዓመቱን ሙሉ አለቀሱ። ውዴ በየእሑዱ እየመጡ አብረዋቸው ይቀመጡ ነበር፤ ቂሙም በዚያው ተረሳ።

በጥር ወር 1982 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም አገኛቸው። በሆስፒታልና በቤታቸው ሲታከሙ ቆይተው ሰኔ 9 ቀን 1982 ዓ.ም. ሐምሳ ሦስት ዓመት ሲሆናቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው አቶ ቀነዓ፣ ልጃቸው ሣራ፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ ሁሩታ ያሉት ወንድማቸውና ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር ቆመው ሐዘን የሚቀበሉት የኦርኬስትራው አባላት ከኋላቸው ቀርተዋል።

የኪነት ቡድኑ፣ አባላቱ በዚህ ቀብር ላይ እንዲጫወቱባቸው መሣሪያዎቹን ሊያውስ ፈቃዱን ገልጾ ነበር። ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። አባላቱ ግን ዛሬ ሁሉም ሐዘንተኞች ናቸውና አልተቀበሉም።

እኚህ እናት ብዙ ደክመው ነበር። እግዚአብሔር በደንብ ያሳርፋቸው።